ጉሮሮው አልተንቀሳቀሰም

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በጉለሌ በተፋፋመበት ጊዜ ነው። ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፤ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብሎ ባለ መንደር እንኖር ነበር። አሁን የምጽፈው ባለቤቴ በሥራ ተመድቦ ካመጣኝ ከጂንካ ሆኜ ነው። ከተወለድኩበት ሰፈር በጣም ርቄአለሁ፤ ያ ነገር ግን አልራቀኝም። ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ሲጠጣ ዓይኔ ሳላዘው ወደ ጉሮሮው ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በሰፈራችን ጋሽ ተሰማ የሚባሉ ብስክሌት ጠጋኝ ነበሩ። በጃንሆይ ጊዜ ስማቸው በሬዲዮ የሚጠራ የብስክሌት ተወዳዳሪ ነበሩ አሉ። እኔ የደረስኩባቸው ግን ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ ጎማ ሲለጥፉ ነው። ያሸነፏቸው ዋንጫዎች ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ተኮልኩለዋል። በአንዱ ብሎን፣ በአንዱ ኩሽኔታ፣ በትልቁ ደግሞ ማስቲሽና የጎማ ቁራጭ ያስቀምጡባቸዋል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይሄ ወርቅ ነው?» ይሏቸዋል የሰፈሩ ልጆች።

«ወርቅማ ቢሆን ብሎን ይገባበት ነበር?» ይላሉ እሳቸው።

እኔን ደግሞ «ዲያቆኗ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አባቴ የደብር አገልጋይ ስለነበር ጾምና በዓል ሲጠፋቸው እኔን ነው የሚጠይቁት። ሲቀልዱብኝ አልከፋም ነበር፤ በሳቸው አፍ ሲወጣ ስድብ አይመስልም።

ጋሽ ተሰማ ዕድሜያቸውን ሁሉ የተሟገቱት ስለ አንድ ነገር ነው። ሰበቡን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ገና ወጣት ተወዳዳሪ ሳሉ ለልምምድ እንጦጦ ወጥተው ሲወርዱ ፍሬናቸው ይበጠስና ቀጨኔ ላይ ከድንጋይ ካብ ጋር ይጋጫሉ። ጉልበታቸው ያኔ ነው የተጎዳው፤ ጨርሶ አልታጠፍ ያለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ከአንድ ጎጆ አንዲት ሸክላ ሠሪ ሴት ወጥታ ደማቸውን አጠበችላቸው፣ በነጠላዋ አሰረችላቸው፣ ውሃ በአዲስ ገንቦ አመጣችላቸው። ጠጡ። ኋላ ጓደኞቻቸው ደረሱ።

«ከዚህች ጠይብ እጅ ጠጣህ? በል ትፋው፣ ተበልተሃል» አሏቸው። ገንቦውን ከሴትየዋ እጅ ነጥቀው ድንጋይ ላይ ሰበሩት። ይህ እርግማኑን ያከሽፋል ይባላል።

«እኔ መሬት ተጋድሜ ነው የማየው» አሉኝ ጋሽ ተሰማ። «ሴትየዋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ጎንበስ ብላ ገሉን ትለቅማለች። ሰው እንዳይወጋ ብላ ነው እኮ፣ ዲያቆኗ። እኛን እንዳይወጋን።»

ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው አያውቁም። አንድ ባለርስት ሸክላ ሠሪዎቹን ከመሬቴ አፈር አታወጡም ብሎ ሲከለክላቸው አብረው ፍርድ ቤት ቆሙ፤ በጥፊ ተመቱ፣ ታሰሩ፣ ከክለባቸውም በዚሁ ሰበብ ወጡ። ደርግ ገብቶ «ከእንግዲህ ሰው ሁሉ እኩል ነው» ሲባል ሰፈሩ «በሉ ጋሽ ተሰማ፣ የርስዎ ነገር አለቀ፣ አሁን ጎማዎን ይለጥፉ» አላቸው። እሳቸው «አለቀ ያለው ማን ነው?» አሉ። ለቀጨኔዎች የውሃ ቦኖ ይገባ ብለው ቀበሌ ተመላለሱ። በትምህርት ቤት ልጆቻቸውን «ጅብ» እያለ የሚሳደብ አስተማሪ አለ ብለው አመለከቱ። በዚያች የማትታጠፍ እግር ብስክሌታቸውን በአንድ ወገን እየገፉ ዳገቱን ሲወጡ አያቸው ነበር።

ትርፍ ቤት ሲወረስ ከእኛ ግቢ አጠገብ ያለችው ቤት ለአበራሽ ደረሰቻት። አበራሽ ያኔ ቀጨኔ ላይ የገንቦውን ገል የለቀሙት የእማማ ድንቄ ልጅ ናት። እናትና ልጅ ከቀጨኔ ወርደው ጎረቤቶቻችን ሆኑ። እኔ በቀበሌው አዳራሽ ፊደል አስተምር ነበር፤ አበራሽም ተማሪዬ ሆነች። ሌሎቹ ሴቶች በአንድ አግዳሚ ላይ ተጨናንቀው ይቀመጣሉ፤ እሷ አንድ አግዳሚ ለብቻዋ አላት። «ሰፊ ቦታ ደረሰኝ» ትለኝ ነበር። ስትለኝ ትስቃለች፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጥሩ ተናጋሪ ነበር። ሰፈሩ ያሳደገው ልጅ ነው፤ ብስክሌት ያስተማሩት እንኳ ጋሽ ተሰማ ናቸው ይባላል። አበራሽ እድር ልግባ ብላ ስታመለክት እሱ ተነሥቶ ስለ ተጨቆኑ የእጅ ባለሙያዎች እስኪያልበው ተናገረ። ሁሉም አጨበጨበ። ተመዘገበች።

በዚያው ስብሰባ ላይ ጠላ ሲቀዳ ለሁሉም በኩባያ፣ ለአበራሽ በቲማቲም ጣሳ ተቀዳ። ጋሽ ተሰማ ኩባያቸውን ሰጥተዋት ጣሳውን ወሰዱ። በሚቀጥለው ወር የእድሩን ዕቃ የምትይዘው እትዬ ብዙነሽ ሁለት ጣሳ አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። አንዱ ለሷ፣ አንዱ ለሳቸው።

አበራሽ እድር ለመግባት የቸኮለችው ለራሷ አልነበረም። እማማ ድንቄ ታመዋል። ጠበል ይዤላቸው ስገባ እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይሄ ሰፈር በኔ ድስት ሲሠራ ኖሯል። ስንቱን ድስት እንደሠራሁ እኔም አላውቀው። የኔን ደጃፍ ረግጦ አንድ ጉርሻ የቀመሰ ግን የለም። እንግዲህ ስሞት ቤቴ መምጣታቸው አይቀርም፣ እድር ነውና። ያን ቀን ቢበሉልኝ፣ ቢጠጡልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

እያሰብኩት ወደ ቤቴ ሄድኩ። እሳት ላይ ያለው ድስት የሳቸው ነው። በዚያ ሰፈር የሳቸው ወይም የዘመዶቻቸው እጅ ያልነካው ድስት አልነበረም። ሰዉ ድስቱን አይጸየፍም፣ ወጡን አይጸየፍም፤ የሚጸየፈው ድስቱን የሠራውን እጅ ነው። ይህን የመሰለ ነገር እግዚአብሔር እንዴት ታግሦ እንደሚያየው አላውቅም።

ፋሲካ አለፈ። እማማ ድንቄ ልጃቸውን «ጠላ ጥነሽልኝ፣ ለቀብሬ ይሆናል» አሏት። አበራሽ እያለቀሰች ጠነሰሰች። ጠላው ሲደርስ እሳቸው አረፉ።

እድሩ ድንኳን ተከለ። ደንቡ ያስገድደዋል። ኩባያዎቹን ልወስድ እትዬ ብዙነሽ ጋ ስሄድ ግን፣ ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ፣

«የሉም። ለሌላ ለቅሶ ወጥተዋል» አለችኝ።

«የት ለቅሶ? በመንደሩ ማን ሞተ?»

«አንቺ ደግሞ፣ የሞተ ሁሉ ላንቺ ይነገራል?»

ከሳጥኑ ላይ አልተነሣችም። ስትንቀሳቀስ ከሥሯ ኩባያ ይንኳኳል። ወጥቼ ሄድኩ፤ ለጋሽ ተሰማ ነገርኳቸው። እሳቸው ከመደርደሪያቸው ብሎኑን፣ ኩሽኔታውን፣ ማስቲሹን ጋዜጣ ላይ ገለበጡ። ዋንጫዎቹን በአመድ ፈትገው አጥበው በጆንያ ብስክሌታቸው ላይ ጫኑ።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ዋንጫዎቹ ተደርድረው ያብለጨልጫሉ። ጆሮ ያላቸው፣ እግር ያላቸው፣ አንዱ ላይማ ብስክሌት የሚነዳ ትንሽ ሰው የቆመበት። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ዛሬ ደግሞ ድንቄ ልትሸለም ነው?» አለች አንዷ፣ በሹክሹክታ ሳይሆን እንዲሰማ።

«አዎ» አሉ ጋሽ ተሰማ። «ትንሽ ዘገየ እንጂ።»

ንፍሮ ዞረ። ሁሉም እጁን ዘረጋ፣ ተቀበለ። ማንም አልቃመም። «ለልጆቼ ልያዝላቸው» እያሉ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። እኔ በላሁ። ጋሽ ተሰማ በሉ። አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሽማግሌ ጎረቤትም በሉ። ጠላው ሲቀዳ ደግሞ እገሌ ሆዴን አሞኛል፣ እገሌ ሐኪም ከልክሎኛል ማለት ተጀመረ። ያን ያህል በሽተኛ ሰፈር መሆናችንን አላውቅም ነበር። አበራሽ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

ሊቀ መንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ መጣ። ቆሞ ተናገረ። ሟቿ የሰፊው ሕዝብ እናት እንደነበሩ፣ አድኃሪያን እንዴት እንደናቋቸው፣ አሁን ግን ያ ዘመን እንደተቀበረ ተናገረ። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ጥሩ ነበር። ሲጨርስ ጋሽ ተሰማ ተነሡና ትልቁን ዋንጫ ሞልተው በመጀመሪያ ለአበራሽ ሰጧት። ሐዘንተኛዋ እሷ ናት። አበራሽ ተጎነጨች። ከዚያ እያነከሱ ሄደው ለሊቀ መንበሩ አቀረቡለት።

«ጥሩ ተናገርክ። ጉሮሮህ ደርቋል፣ እንካ አርጥበው።»

ሊቀ መንበሩ ዋንጫውን አየ። አበራሽ የጠጣችበትን ጠርዝ አየ። ፈገግ አለ።

«አይ ጋሽ ተሰማ፣ ዛሬማ ረቡዕ አይደል? ጾም ነኝ።»

ይህ ሰው በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ላይ ጾምን የቄስ ተረት እያለ የሚያላግጥ ሰው ነው። እኔን ራሴን «ሆድሽን ለማን ብለሽ ነው የምታስርቢው?» ብሎኝ ያውቃል። ጋሽ ተሰማ ዋንጫውን ሳያወርዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዲያቆኗ፣ ዛሬ ይጾማል እንዴ?»

እኔ ነገር ፈላጊ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ያኔ ሰው በአንድ ቃል የሚጠፋበት ዘመን ነበር። ቤቴን አሰብኩ። ግን የተጠየቅሁት የጾም ነገር ነው፤ በጾም ደግሞ ውሸት አይናገሩም። መሬት እያየሁ፣

«በዓለ ኃምሳ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም» አልኩ።

ዓይናቸው የጠፋው ሽማግሌ ከጥግ «ትንሣኤውን ረስቶ ጾሙን ብቻ አስታወሰ» አሉ። በለቅሶ ቤት አይሳቅም እንጂ ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ። ሊቀ መንበሩ ዋንጫውን ተቀብሎ ቀና አለና ወደ አፉ ገለበጠው። ጢሙን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ጠላው ጥሩ ነው ለማለት ይመስላል፣ ራሱን ነቀነቀ። ሰዉም እፎይ አለ። እኔም እፎይ አልኩ፤ የእማማ ድንቄ ቃል በአንድ ሰው እንኳ ተፈጸመ ብዬ።

ጋሽ ተሰማ ግን ከፊቱ ዘወር አላሉም።

«ጉሮሮህ አልተንቀሳቀሰም» አሉት።

ሊቀ መንበሩ ዝም።

«እኔ ስወዳደር ሽቅብ ላይ የጎን ጓደኛዬን እግር አላይም ነበር። እግር ይዋሻል፣ ደክሞትም ይሽከረከራል። ኮዳውን ሲያነሣ ጉሮሮውን ነው የማየው። የጠጣ መስሎ አፉ ውስጥ የሚይዝ አለ። ጠጥተህ ቢሆን መልስ በሰጠኸኝ ነበር። በል ዋጠው፣ ልጄ።»

ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሊቀ መንበሩን ጉንጭ አየ። ሁለቱም ጉንጮቹ ተነፍተዋል። ያ ሁሉ የሚናገር አፍ ተዘግቶ ቆሟል። መዋጥ አልሆነለትም፤ መትፋትም በሰው ፊት አልሆነለትም። ዓይኑ ውሃ ሞላ። ያኔ ነው አበራሽ ከፍራሹ ቀና ያለችው።

«ተወው ጋሼ» አለች። «የእናቴን ቀን አታበላሽብኝ።»

ጋሽ ተሰማ እንደ መንቃት አሉ። የዚያን ጊዜ ያየሁባቸውን ፊት ሌላ ጊዜ አይቼባቸው አላውቅም፤ ያፈሩ መሰለኝ። «እሺ የኔ ልጅ» ብለው ዋንጫውን ከሊቀ መንበሩ እጅ ወሰዱ፤ የቀረውን በቆሙበት ጨለጡት። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ ሁላችንም አየን።

ሊቀ መንበሩ ወጣ። እኔ የተቀመጥኩት የድንኳኑ ሸራ ከፍ ብሎ በታሰረበት በኩል ነው፤ ከአጥሩ ኋላ ያለው ቦይ ይታየኛል። እዚያ ሄዶ ጎንበስ አለ። ተፋው። ደግሞ ተፋ። ከአብዮት ጠባቂው ኮዳ ተቀብሎ ተጉመጠመጠ፣ ጣቱን እስከ ጥግ አስገብቶ ምላሱን ፈተገ፣ በመሐረቡ ጠረገ፣ መሐረቡንም ወረወረው። የቆመው ንፍሮ ላይ ነው። ለልጆቻችን ብለው በነጠላ የቋጠሩትን ንፍሮ ሁሉ፣ ለካ ሹልክ እያሉ ወጥተው፣ ያ ቦይ ውስጥ ደፍተውታል። ስንዴው፣ ባቄላው፣ ሽምብራው፣ ከሰፈሩ ቆሻሻ ውሃ ጋር። በጫማው እየረገጠው ምራቁን ይተፋበታል።

የበላሁት ወደ ላይ መጣብኝ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ያን ንፍሮ ከመለስኩት እኔም ከነሱ እቆጠራለሁ ብዬ እንደምንም ዋጥኩት። በዕድሜዬ ብዙ የሚያስጸይፍ ነገር አይቻለሁ፤ በጳውሎስ ሆስፒታል አስታምሜ ቁስል አጥቤ አውቃለሁ። እንደዚያ ቀን ግን አቅለሽልሾኝ አያውቅም።

ቀና ሲል አየኝ።

«የቄስ ልጅ፣ ዓይንሽን ሰብሰብ አድርጊ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ተሰማን ከሱቃቸው ወሰዷቸው። የሕዝቡን አንድነት አደፍርሰሃል ተባሉ። ዋንጫዎቹም ተወረሱ፤ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት መስታወት ውስጥ ተደረደሩና «የቀበሌያችን ስፖርተኞች ድል» የሚል ተጻፈባቸው። ትልቁ ግን አልተደረደረም። እሱን አበራሽ ከዚያው ቦይ ውስጥ አገኘችው፤ አንድ ጆሮው ተጣሟል።

ባለቤቴ ለብዙ ቀን እንቅልፍ አጣ። «እሳቸው ስለ ጉሮሮ ተናግረው ታሰሩ፤ ጾም ያስተማረችውስ መቼ ነው የምትወሰደው?» ይለኛል። እኔ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ተሳልኩ። እመቤታችን ከለከለችልኝ፤ የመጣብኝ የለም። ትኩስ ሬሳ ከቤቷ የወጣባት አበራሽ ግን ሐዘኗን እንኳ ሳትጨርስ ለጋሽ ተሰማ ስንቅ ማመላለስ ጀመረች። እኔም አብሬያት እሄድ ነበር።

በቀበሌው እስር ቤት በር ላይ ምግብ ያመጣ ሰው ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ ደንቡ ነው፤ መርዝ እንዳይኖርበት። በመጀመሪያው ቀን አበራሽ ክዳኑን ከፍታ ከሽሮው ቀመሰች። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የሰፈራችን ሰው ነው። ሳቀ።

«አንቺ ቀምሰሽውማ ማን ይበላዋል?»

አበራሽ ድስቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ክዳኑን ገጠመችና አጠገቡ ቆመች። እኔም ቆምኩ። ፀሐዩ ከረረ። ከውስጥ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል፣ የጋሽ ተሰማ ድምፅ መጣ።

«ወንድሜ፣ አንተ አትብላው። እኛ እርቦናል፣ አስገባው።»

ከኋላቸው ሌሎች ድምፆች ተከተሉ። «አስገባው እንጂ! ሽታው ገደለን!» ዘበኛው እየተሳደበ በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው።

በውስጥ የሆነውን ጋሽ ተሰማ ከወጡ በኋላ ነገሩኝ። እስረኞቹ ከየሰፈሩ የተለቀሙ ናቸው፤ ስንቅ የሚያመላልስላቸው የሌላቸው ብዙ ነበሩ። በድስቱ ዙሪያ ከበው በሉ። ድስቱን በጣታቸው ጠረጉት፤ ለመጨረሻዋ ቁራሽ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጣሉ። አንዱ ጣቱን እየላሰ «ይህን የመሰለ ሽሮ የሠራችው ማን ናት?» አለ። ጋሽ ተሰማ «የቀጨኔ ጠይብ ናት» አሉት። ሰውየው ጣቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆም አለ። ሁሉም ቆም አሉ። ከዚያ ሰውየው፣

«ነገም ትመጣለች?» አለ።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሲነግሩኝ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በጉለሌ ሰው ያገኘሁት እስር ቤት ነው፣ ዲያቆኗ» አሉኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሰው ሰው እንዲሆን መታሰርና መራብ አለበት ወይ ብዬ ነው የመረረኝ። የኛ ሰፈር ሰው ጠግቦ ነው ንፍሮውን የደፋው።

ለምን እንደታሰሩ እንጂ ለምን እንደተፈቱ አልተነገራቸውም። ሊቀ መንበሩ ኋላ ወደ ሌላ ቦታ በሹመት ሄደ። እትዬ ብዙነሽ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ቀረች። ጋሽ ተሰማ የተወረሱትን ዋንጫዎች መልሱልኝ ብለው አልጠየቁም። «ደህናው ቀርቶልኛል» ይላሉ፣ ያን ጆሮው የተጣመመውን እያሳዩ። ብሎናቸውን ወደ ጣሳ አዛወሩት፤ በዋንጫው ውሃ ይጠጡበት ጀመር፤ ጎማ ሊያስለጥፍ የመጣውንም ሁሉ ያጠጡበታል። አበራሽ የጠጣችበት መሆኑን ሳይነግሩ አይሰጡም። አንዳንዱ ጎማውን ሳያስለጥፍ ብስክሌቱን እየገፋ ይሄዳል። «ገበያህን እያባረርክ ነው» ሲሏቸው «ይሂድ፣ ቁልቁለት ነው አይደክመውም» ይሉ ነበር። ፀጉራቸው ነጭ እስኪሆን ቦኖው አልገባም እያሉ ቀበሌ ሲመላለሱ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ገባ። ማንም እሳቸውን አላመሰገነም።

እኔ ጂንካ ከመጣሁ በኋላ ነው ያረፉት። አበራሽ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። ጠላውን እሷ ጠነሰሰች፤ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር አለችኝ። ያ ዋንጫም ዞረ።

«ጠጡ?» አልኳት።

«ሁሉም ወደ አፉ አስጠጋ።»

«ጉሮሯቸውንስ አየሽ?»

«እያለቀስኩ ነበር፣ አላየሁም» አለችኝ። አይታለች። አበራሽን አውቃታለሁ።

ንስሐ አባቴ ይቅር በይ ይሉኛል። ለዚያ ሊቀ መንበር፣ ለእትዬ ብዙነሽ፣ ንፍሮውን ለደፉት ሁሉ ስማቸውን እየጠራሁ ጸልያለሁ። ይቅር ብያለሁ ብዬ አስባለሁ። ሆዴ ግን ይቅር አላለም። ያ ቦይ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ምራቄ ይመርራል፣ ምግብ ከፊቴ አነሣለሁ።

እዚህም ቅዳሜ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ከሌላው ነጋዴ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ለምን ራቅ እንዳሉ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። አንዷ ደንበኛዬ ናት፤ ድስት ስገዛት ከምትጠጣው ቦርዴ በቅል ቀድታ ትሰጠኛለች። መጀመሪያ የሰጠችኝ ቀን እንደማልቀበላት እርግጠኛ ሆና እጇን በግማሽ ነበር የዘረጋችው። በዙሪያችን ያለው ሰው ገበያውን ትቶ ያየኛል።

ነጠላዬን ከአንገቴ ላይ ገለጥ አደርጋለሁ። ቀና ብዬ፣ ጉሮሮዬ ለሁሉም እንዲታይ አድርጌ፣ እጠጣለሁ።

ወለተ ማርያም፣ ከጂንካ